ለኪው ሲለካ

"አገጭህን እዚህ ላይ፤ ግንባርህን አስጠጋ፤
አረንጓዴዋን ነጥብ እያት፤ እንዳትርገበገብ" አለች ሐኪሟ።
ሳቄ መጣ።
እኔም እኮ ቀኑን ሙሉ የምጮኸው ይህንኑ ነው፣
ከጉድባው ማዶ ዘንግ ለያዘው ለተስፋልደት፦
"ቀጥ በል! አትነቃነቅ! ልለካ ነው!"

አሥራ ስድስት ዓመት በሦስት እግር ብረት ላይ ጎንበስ ብዬ፣
ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ፣
በቀይ ጨረር ጫፍ መሬት ስቆርጥ ኖሬ፣
ጨረር ሊቆርጠኝ ነው ዛሬ፣
ያውም ዓይኔን።

"የዓይንህ ልባስ ስስ ነው" አለች፣ "ቢሆንም ይበቃል፤
ሳታውቀው ያልቃል።
የቀረው መወሰን ነው።"
ዋጋውን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ፣
እንደ መርዶ አጥፋ፣
ሰጠችኝ።

ስንዱማ ወስናለች፤
"የዕቁቡ ዕጣ ሲደርሰን ለዓይንህ ነው" ብላለች፤
"ሌሊት ልጅቷ ስታለቅስ
አንሶላውን እንደ ዶሮ ስትጭር፣ መነጽር ፍለጋ ስትዳብስ
ማየት ሰለቸኝ።"
እውነቷን ነው።
አንድ ክንዱ በመዳብ ሽቦ የታሰረ፣
አፍንጫዬ ላይ ሁለት ጉድጓድ የቆፈረ፣
ሾርባ ሲቀርብ የሚታወር፣ ዝናብ ሲጥል የሚያለቅስ፣
ታክሲ ውስጥ በሰው ክርን ሦስቴ የተሰበረ።

ለስንዱ ያልነገርኳት ግን አንድ ነገር አለ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ጤፉ ሲያዘነብል፣
ኦቦ ዱጋሳ ማሳ መሃል ችካል ስተክል፣
ሽማግሌው መጡ። አልተቆጡም። ዱላም አላነሡም።
ከችካሉ አጠገብ ቆሙና፦
"ልጄ፣ በዚያ በመስታወትህ ስታይ
የኔ ቤት ከየት ጀምሮ የት ያልቃል?" አሉኝ።

መነጽሬን አወለቅሁ።
በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት። አልቆሸሸም ነበር።
ደግሜ ጠረግሁት።
ፊታቸው ከፊቴ ሁለት ክንድ አይርቅም፣
ግን ነጭ ጋቢና ቡናማ ጭጋግ ብቻ፣
ዓይን የለው፣ አፍ የለው፤
እንባ ይኑረው አይኑረው አልለየሁም።
እስኪሄዱ ጠረግሁ።
መልሼ ሳጠልቀው ጤፉ ብቻ ነበር፣
ጥርት ብሎ፣ ፍሬ በፍሬ።

ከዚያ ወዲህ ለመደብኝ።
የካሳው ወረቀት ሲነበብ፣ ዋርካ ሲገነደስ፣
አንዲት ሴት ዶዘሩ ሳይደርስ
የጓሮ ጎመኗን በችኮላ ስትቀነጥስ፣
እጄ ራሱ ወደ ጆሮዬ ይሄዳል።
ስንዱ "ንጹሕ ሰው ነህ፤ መነጽርህ ሁሌ ያበራል" ትለኛለች።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው እንኳ ኃጢአት አይደለም፦
ማታ አራተኛ ፎቅ በረንዳዬ ላይ ባዶ ዓይኔን ስቆም፣
የኮንዶሚኒየሙ አምፖል ሁሉ ሰሃን ሰሃን አክሎ ያብባል፤
ያልተለሰነው ብሎኬት፣ ያገጠጠው ብረት፣ የገልባጩ አቧራ ይለሰልሳል፤
የለካሁት ሁሉ ልኩን ይረሳል።
ይህንንስ በምን እተካዋለሁ?

ትናንት ኦቦ ዱጋሳን አገኘኋቸው።
በገዛ ማሳቸው ላይ፣ ከብሎክ አርባ ሥር፣ የሰው መኪና ይጠብቃሉ።
እጄ ወደ ጆሮዬ ሄደ።
መለስኩት። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።
አየኋቸው።
አገጫቸው ላይ የቆየ ጠባሳ አለ፤
ካፖርታቸው አንድ ቁልፍ ብቻ ቀርቶታል፣ እሱም የሌላ ካፖርት፤
ግራ ዓይናቸው ላይ ሞራ እንደ እርጎ ረግቷል።
"ማነህ?" አሉ። "ጉም ሆንክብኝ።"
"መኪና ላቆም ነው" አልኩ።

መኪና የለኝም።

ዛሬ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣
ስልኬን አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ፣
ቀብዱን ላክሁ። ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት።
"ከዚያ በኋላ ምን ልትጠርግ ነው፣ ጋሼ?" ብሎ
ተስፋልደት ከማዶ ቀለደብኝ።
ዘንጉን ቀጥ አርጎ ይዟል።
እኔ ግን ገና አልለካሁም።