የሦስት ሜትር ስህተት

አሥራ አንድ ዲግሪ፣ ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ወደ ሰሜን፤
ኤፍራታ ስልኳን እንደ ጧፍ ይዛ ትመራኛለች እኔን።
«አጎቴ፣ ቀስ በል፣ ሳተላይቱ እያየን ነው» ትላለች፣
ከዘንባባው ጥላ ሦስት እርምጃ ወጥታ ትቆማለች፣
ደግሞ ትመለሳለች።

ሠላሳ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሳነብ የኖርሁ፣
በየአጥሩ ውሻ እያባረረኝ ቁጥር ስለቅም የዋልሁ፣
ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር
ይኸው ደግሞ ሌላ ቁጥር ያሯሩጠኝ ጀመር
በዶክተር አትርሳው መናፈሻ፣ በጣና ዳር።

ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አንዱ ይደብቃል፣
ቦታውን በቁጥር ለዓለም ይናገራል፤
ያገኘ ስሙን ጽፎ ከነበረበት ይመልሳል።
የሚሸለም የለም። የሚከስርም።
ከእቃቃ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም።

ሐውልቱ እስከ ደረቱ ነው፤ መነጽሩ ነሐስ፣
ወፎች ትከሻው ላይ ደርበውለታል ነጭ ልብስ።
«የጣናን ጥልቀት የለካ» ይላል ጽሑፉ ከሥር፤
በምን እንደለካ የለም፤ ከማን ጋር እንደነበር።

ፍንጩ አንድ መስመር፦ «ውሃው ጉልበቴ ድረስ።»
ስልኩ «ከኋላችሁ» ሲል እኛ ወረድን፣ ጫማችን እስኪርስ፣
ደንገሉን ገለጥን፣ የእምቦጩን ሥር ሳብን፣
አንድ ነጠላ ጫማ፣ ሁለት ባዶ ጠርሙስ አገኘን።
ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው አዩንና
የደበቅነውን ሌብነት የምናወጣ መስሏቸው ፈቀቅ አሉልን።

«ሦስት ሜትር ይሳሳታል እንጂ» አለች፣ «ሃምሳ እርምጃ አይስትም።»
ቆጣሪም እንዲሁ ነው፤ ሁልጊዜ ሲበላሽ አይዋሽም፤
እርሱ ባለበት ቆሞ ውሃው ሲሄድበት አይቻለሁ።
ዞር አልሁ።

ከሣሩ መሐል የብረት ምሶሶ፣ ቀለሙ የተላጠ፣
ሐይቁ ትቶት የሸሸ፣ በሐረግ የተዋጠ።
እንደ ሥራዬ ልማድ ጎንበስ ብዬ አነበብሁት ከታች ወደ ላይ፤
ሁለት ቁጥር ጉልበቴ ላይ።

ከጀርባው በማግኔት የተጣበቀች የቅባት ቆርቆሮ።
ውስጧ ጥቅል ወረቀት፣
ወገቧ የተበሳ ድንጋይ፣ ክንድ የማትሞላ የገመድ ቁራጭ፣
በወረቀቱም ራስ፣ እየተንቀጠቀጠ የሄደ የእጅ ጽሕፈት፦

«እኔ ቀዛፊው እንድሪስ ነኝ።
ዶክተሩ ሲጽፍ ገመዱን የያዝሁ።
ሐይቁን የለካች ይህች ድንጋይ ናት።
ቁጥሩን ስልክ ላይ ያስገባልኝ የልጅ ልጄ ነው።
ለእርሱ ስሙ ተጽፎለታል፤ እኔ ቦታውን ጻፍሁ።»

አትርሳው።
ስንት ጊዜ በዚህ በር ገብቼ ወጥቻለሁ፣
ስም እንጂ ትእዛዝ መሆኑን ሳልሰማ፤
ማንን እንደሆነም ሳልጠይቅ።

ኤፍራታ ድንጋይዋን በመዳፏ መዘነች፣
የፀጉሯን ማስያዣ ፈታ አጠገቧ አኖረች፣
ስሟን ጻፈች፣ ብዕሩን ለእኔ ሰጠች።
ከስሜ ጎን፣ እጄ ከእኔ ቀድሞ፣
ቀኑንና ንባቡን አሰፈረ፦

ግንቦት አሥራ ሰባት። ውሃ፦ የለም።