አንድ በእጅ

መኪና የለኝም። መንጃ ፈቃድም የለኝ፤
የአውቶቡስ ካርዴ ነው ከሰው የሚያገናኘኝ።
ግን ምድር ቤቴ ውስጥ፣ የጫማ ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርቦ፣
አንድ ሺህ መኪና አለ፣ በወረቀት ታጥፎ፣ በዓመት ተመድቦ፤
ጭራቸው እንደ ዓሣ፣ ክንፋቸው እንደ አሞራ፣
ጥሩንባቸው ሳይጮህ ቀለማቸው የሚያወራ።
በፖስታ የመጡ፦ «ውድ ጌታዬ፣ አዲሱ መኪናዎ ደጅዎን ናፈቀ!»
ስንቱ ሳይከፍት ጣለው፣ ስንቱ ከፍቶ ሳቀ፣
ስንቱ ልጆቹን አስተኝቶ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጎ፣
ከገጽ ወደ ገጽ እየነዳ ራቀ።

ባለፈው ኅዳር ነው፤ ዊንዘር ላይ፣ የአሮጌ ወረቀት ገበያ፣
የጡረተኞች አዳራሽ፣ ሻይ በወረቀት ኩባያ፤
ዲትሮይት ከወንዙ ማዶ ጭጋግ ለብሳ ተኝታለች፤
ዢልቤርት ቦንዲ የአባቷን ሣጥን ይዛ ከጥግ ተቀምጣለች።
«ሁሉም በሃያ፤ ይኼኛው ግን እርሳስ ነክቶታል፣ ምረቃ ይሁንህ» አለች።
ጓንት ያጠለቀ ነጋዴ፣ ፕሬስኮት፣ ከጎኔ አጉረመረመ፦
«የተጻፈበት ብሮሸር ጥርሱ የወለቀ በቅሎ ነው፤
ለስላሳ ላጲስ አለኝ፤ የዳቦ ፍርፋሪም ይሠራል።»
እኔ ግን አየሁት።
ኅዳጉ ላይ ሰው ይኖራል።

ኦሬል ቦንዲ። የሃምሳ ሰባት ሞዴል፣ ባለ አራት በር፣ ሰማያዊ ቀለም፤
እርሳሱ ቁጥብ ነው፣ ትርፍ ቃል የለም።
በፈረንሳይኛ የጻፈውን ልጁ አነበበችልኝ፦
ሬዲዮ፦ ይቅር።
ጎማው ላይ ነጭ ቀለበት፦ ይቅር።
ሁለተኛ ቀለም፦ ለማን ብዬ? ይቅር።
ማሞቂያ (ሁለቴ ተሰምሮበት)፦ ይግባ፣ ለልጅቷ እግር።
ከታች ድምር።

«ገዛው?» አልኳት። ሳቀች።
«እሱ? ፋብሪካው ውስጥ በር ገጣሚ ነበር፤
ሃያ ስድስት ዓመት ሲከፍት፣ ሲዘጋ፣ ሲሞክር።
“እልፍ በር ዘግቻለሁ፣ ሁሉንም ከውጭ” ይል ነበር።
በአውቶቡስ ነው የኖርነው፤
ብርዱ ሲመጣ እግሬን የሚያሞቀው እጁ ነው።
ማስታወቂያው ግን ከሞተም በኋላ ስድስት ዓመት መጣ፦
“ውድ አቶ ቦንዲ፣ አዲሱ ሞዴል ወጣ!”»

ሌሊት፣ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ፣ ፕላስቲክ ሳላለብሰው በፊት፣
ድምሩን በጣቴ ተከተልኩ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደ ልጅነት።
መኪናው፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አስራ ስምንት፤
ማሞቂያው፣ ሰማንያ ሰባት።
ስምንትና ሰባት አስራ አምስት፤ አምስት ይጻፍ፣ አንድ በእጅ።
አንድና ስምንት፣ በእጅ ካለው ጋር፣ አስር፤ ዜሮ ይጻፍ፣ አንድ በእጅ።
ሦስትና አንድ አራት ነው።
ኦሬል አምስት ጻፈ።
የሌሊት ፈረቃ ይሆናል፤ ዓይኑ ተንከራቶ፣
በእጁ ያለችውን አንድ ሁለቴ ቆጥሮ፣ ረስቶ።
ከሥሩ፦ «ያለኝ፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ አስር።
ዘጠና አምስት ጎደለ። ለከርሞ።»

አልጎደለም ነበር።
አምስት ዶላር ይተርፈው ነበር።

የዢልቤርት ቁጥር ደረሰኙ ላይ አለ። ስልኩን አነሳሁ፤ አስቀመጥኩ።
ምን ልላት? «ማሞቂያው ደርሶሽ ነበር»? ከራሴ ጋር ተሟገትኩ።
ላጲስም አላነሳሁ።
የመልስ ካርዷ ከገጹ ጋር እንደ ተያያዘች ናት፤
«ቴምብር አያስፈልግም» ይላል፤ ማንም አልቀደዳት።
ውጭ በረዶው ጀምሯል። የሌሊቱ አውቶቡስ ደጄ ላይ ቆሞ፣
በሩን ከፈተ፣ ማንንም ሳያሳፍር ዘጋ፣ ሄደ።
እኔ ተቀምጫለሁ፣ የሰው ሒሳብ ይዤ፤
አምስቱ ተጽፏል፣ ዜሮው ተጽፏል፤
አንዷ ናት የቀረች፣ በእጄ።