ናሙና ዐሥራ ሰባት

ሮተርዳም ላይ ሌሊት፣ ዝናቡ ሳይበርድ፣
ወደቡ ሲያጓራ፣ ክሬኑ ሲወርድ፣
እኔ ስምንተኛ ፎቅ፣ ነጭ ካፖርት ለብሼ፣
ከሰው አንጎል በወጣ ዕጢ ላይ አጎንብሼ።

ስሟን አላውቀውም።
ሰሙ ጠርዝ ላይ ያለው ቁጥር ነው፦ ዐሥራ ሰባት፣
ሴት፣ ዕድሜ አርባ አንድ፣ የቀኝ ጎን፣ ማክሰኞ ጠዋት።
ታፏጭ እንደሆነ ብስክሌት ስትነዳ፣
ይኑርባት አይኑር ያልከፈለችው ዕዳ፣
ሰሙ አይናገርም።

ቆራረጥኩት ሰሙን፣ ከፀጉር አሳስቼ፣
መስታወት ላይ አንጥፌ፣ አቅልጬ፣ አጥቤ አንጽቼ።
ቅኔ ቤት ያደገው አጎቴ ቢሰማኝ፣
«ሰሙስ ቀለጠልሽ፣ ወርቁስ የታል?» ባለኝ።
ወርቁ ቀይ ነው አጎቴ፤ የደም ሥር ይባላል፤
በእኛ ቋንቋ ደምም እንደ ዛፍ ሥር ይሰዳል።
ፌምከ በቋንቋዋ የደም በርሜል ትለዋለች፤
አብራራሁላት፤ «ዛፍ ነው ወይ ሰውነት?» ብላ ሣቀች።
በርሜል ቆሞ ይጠብቃል። ሥር ግን ይፈልጋል።

ዕጢ ሲጀምር ትንሽ ነው፣ የጤፍ ቅንጣት፣
አየር ያጠረው፣ ጦሙን ያደረ፣ ያላገኘ እራት።
መልእክት ይልካል ለአጎራባች ሥሮች፣
«ወዲህ በሉ» ብሎ፤ መልእክቱ ፕሮቲን ነው፣ ሰሚዎቹ ሞኞች፤
ጎንበስ ቀና ብለው ይቆፍሩለታል፣
ጠማማ፣ የሚያፈስ፣ የችኮላ ሥር ይዘረጉለታል።
እሱም ይጠጣል።
ይህች አገር ታውቃለች፣ ከባሕር ዝቅ ብላ፣
አንድ ቦይ ያለ ፈቃድ ሲከፈት ምን እንደሚበላ።

ሥሮቹን ብቻ ለይቼ በሌዘር ቆረጥኩ፣
ዓይን የማያያቸውን ሁለት መቶ ቁራጮች ለቀምኩ።
ከጤነኛ አንጎልም እንዲሁ፦
እዚህ ያለው፣ እዚያ የሌለው ማን ነው?
ማሽኑ፣ ሚዛን ነው ለማይመዘን ነገር፣
እያንጎራጎረ ሌሊቱን ሲቆጥር፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ጫፍ ብቅ አለ፤ ረዥም፣ ቀጥ ያለ፣
በዕጢው ሥር ብቻ፤ በጤነኛው የሌለ።

ዘለልኩ። እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ዘለልኩ።
ፌምከን ከእንቅልፏ በስልክ ቀሰቀስኩ።
እሷም እያዛጋች፣ «መጀመሪያ ስሙን እዪ» አለች።
አየሁት። ኬራቲን።
ኬራቲን ማለት ቆዳ ነው፣ ጥፍር ነው፣ ጠጉር፤
ጓንቴ ተቀዶ ኖሯል፤ ያገኘሁት የራሴን ጣት ነበር።
«እንኳን ደስ አለሽ፣ ራስሽን አገኘሽ» አለችና
ዘጋችው።

እኔ አልተኛሁም። የራሴን ጣት ሰረዝኩ፣
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስም በጣቴ ወረድኩ።
ከታች፣ ከግርጌው፣ የማታኮራ ጉብታ፣
በሦስቱም ድግግሞሽ ያለች በዚያው ቦታ።
መዝገብ አገላበጥኩ፣ የት ታይታ እንደነበር፦
በዕጢ አይደለም፤ በጽንስ አንጎል፣ በአራተኛው ወር።
የራስ ቅላችን ገና ሳይጋጠም፣
ለሁላችንም ሥር የዘረጋች፣ ሳትለግም፣
ከዚያ ዕቃዋን ሰብስባ የተኛች ግንበኛ፤
ዕጢው ቀሰቀሳት፣ ያ የሌሊት እብሪተኛ።

ጠላት ፍለጋ ወጥቼ፣ መሣሪያ አንግቼ፣
የራሴን ቤት ሠሪ መጣሁ አግኝቼ።

መድኃኒት አይደለም። ገና ስም ነው፤ ስሙም ጥርጣሬ።
ሃያ ናሙና ቀርቶኛል፤ ለዛሬ፣
የሰሙን ጉማጅ መሳቢያው ውስጥ መለስኩ፣
በዐሥራ ስድስትና በዐሥራ ስምንት መሐል አስቀመጥኩ።
በሕይወት ትኑር አትኑር ወረቀቱ አይልም።

ነጋ። ድልድዩ ለመርከብ ተነሣ፣ ተመለሰ።
አንዲት ሴት በብስክሌት ዝናቡን ቀድዳ አለፈች፣
አንገቷ በሻርፕ ተሸፍኖ።
ታፏጭ እንደሆነ አልሰማሁም፤
የዚህ ፎቅ መስኮት አይከፈትም።