ለስንት ብስክሌት?

አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ ይህን ብረት ስሸጥ፣
በስኔክ ከተማ፣ ከቦዩ ዳር ካለች ሱቅ ውስጥ።
ብስክሌቱንማ ጎረቤቴ ይሽጥ፤
የእኔ ዕቃ መኪና ብስክሌት የሚያዝልበት አንቀልባ ነው፤
ሰው ሲገባ መኪናውን፣ ቀጥሎ ትከሻውን ነው የማየው።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ካፊያው እየጣለ፣
ዊበና ቺትስከ ገቡ፤ ካፖርታቸው ውሃ እንዳዘለ።
ሞዝል ወንዝ ዳር ሊጋልቡ ነው፣ በግንቦት፤
ጡረታቸው ገዝቶላቸዋል ባለ ባትሪ ሁለት፣
እያንዳንዱ ሃያ ስድስት ኪሎ፣ ልክ እንደ ደለበ ሙክት።

ከጣሪያው ጀመርኩ፤ ልማዴ ነው።
«ፖርቶመጋላ» ስል፣ ገና ቃሉን ሳልጨርሰው፣
ዊበ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ የዝናቡን ክር ቆጠረው።
ቺትስከ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።
«ጣሪያው ይቅር» አለች፤ «ቁመቱ አይሆነንም።»
ቁመት! ሴትዮዋ በአንድ ራስ ትበልጠኛለች፤
ግን ሆድ ይፍጀው የተባለን ነገር ሻጭ አይጎረጉርም።

ወደ ሁለተኛው ወሰድኳቸው፦ ስድስት ቀበቶ፣
ከኋላ በር የሚንጠለጠል፣ እንደ ሸረሪት ተንጠራርቶ።
ዊበ አንዱን ሳበ፣ ለቀቀ፣ አሸተተው ደግሞ፤
«ይህ» አለ «የአማቴንም ሱሪ አይዝ፣ እንኳን ሁለት ሙክት ተሸክሞ።»
ሳቅን። ሲስቅ አንድ ጥርሱ ወርቅ ነው።

ሦስተኛው ከመጎተቻው ብረት ላይ ይነክሳል፤
ዝቅ ያለ ነው፣ ጉልበት ለከዳው ሰው ይራራል፤
መወጣጫ ሐዲድ አለው፤ ብስክሌት በራሱ ጎማ ይወጣል፤
በእግር ረገጥ ሲያደርጉት ወደ ኋላ ያዘነብላል፤
የተሸፈነውን ታርጋ በሌላ ታርጋ ይተካል፤
ፍሬኑን፣ ፍሬቻውን ለኋለኛው ሰው ይናገራል።
ይህን እንደ ዳዊት በቃሌ ነው የምደግመው።
ከዚያ የማይቀረውን ጠየቅሁ፦
ለስንት ብስክሌት?

«ለሁለት» አለ እሱ።
«ለሦስት» አለች እሷ።
እኩል። በአንድ ትንፋሽ።

ዊበ የሶኬቱን ቀዳዳ ሊቆጥር ወጣ፣
ሰባት ይሁን አሥራ ሦስት፣ ዝናቡ ውስጥ ተንበርክኮ።
እሷ ቀረበችኝ፤ ድምፅዋን እንደ ሳንቲም ቆጥራ አወጣች፦
«አራት ዓመት ሆነው። ልጃችን የልመር
ብስክሌቱን ከጣሪያ አሰረ፤ ነበረው ውድድር።
ሦስት ክረምት ዳቦ ቤት ሌሊት ሠርቶ ነው የገዛው።
አባቱ ሬዲዮ እየሰማ ምድር ቤት ፓርኪንግ ገባ።
ከፍታ ሁለት ሜትር። ተጽፏል፤ በቀይ።
አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሰማነው።
ልጄ አልጮኸም።
ዊበን ግን አፉ ቀደመው፦
ብረት አይደል እንዴ? ብረት ይገዛል።
የልመር የተጣመመውን መሪ ብቻ ይዞ በእግሩ ሄደ።
እስካሁን እየሄደ ነው።»

ዊበ ተመለሰ፣ ጉልበቱ ረጥቦ፦
«አሥራ ሦስት ቀዳዳ። የሚችለው ሰባ አምስት ኪሎ።»
እውነቱን መናገር ሥራዬ ነው፤ ተናገርኩ፦
የሦስቱ ማንገቢያ ብቻውን ሃያ ሁለት፣
ሙክቶቹ ሃምሳ ሁለት፤ ሰባ አራት።
ለሦስተኛው የተረፈው አንድ ኪሎ ነው፤
ዋጋውም በመቶ አርባ ዩሮ ይበልጣል።

እስክሪብቶዬን ከጠረጴዛው አነሳ፤
የካታሎጉን ጀርባ ገለበጠ።
«ባትሪዎቹ ይነቀላሉ አይደል?»
ይነቀላሉ። ሦስት ተኩል፣ ሦስት ተኩል።
ሰባት ቀነሰ። ጻፈ፤ ሰረዘ፤ እንደገና ጻፈ።
ከዚያ ቀና ሳይል፣ ለወረቀቱ የሚናገር መስሎ፣
«የእሽቅድምድም ብስክሌትስ» አለ «ስንት ይመዝናል?»

የዚፑ ድምፅ ቆመ።

«ስምንት» አልኩ።
ደመረ። ሰባ አምስት።
ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ከደጅ አብረን ገጠምነው። ሁለቱን ሐዲድ ሞከረ፤
የሦስተኛውን ቀበቶ ግን ባዶ እንዳይወዛወዝ
በምንም ላይ፣ ጥብቅ አድርጎ አሰረ።
ሞተር አስነሱ፤ ፍሬቻ አበሩ፤ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።
ዊበ በዝናቡ እየሮጠ ተመለሰ፣
እጁን በሩ ላይ እንዳደረገ፦
«ስምንት ነው ያልሽኝ?»
ስምንት። አንዳንዱ እንኳ ሰባት ተኩል።
«እንግዲያ» አለ «ግማሽ ኪሎ ይተርፈናል።»