ጎደሎ ስፍራ

ሐረጎን ስወርድ አይሱዙ ከፊቴ፣
ጭሱ በመስኮቱ ገብቶ እስከ አንጀቴ፣
እያሳለኝ ደረስሁ ከቤተ ሙከራ፤
ያን ጭስ ማጥራት ነው የኔ የዕለት ሥራ።

ፕላቲኒየም ነው፣ ደቅቆ የበነነ፣
ዐሥር ሺው ቢደረደር ከፀጉር የቀጠነ።
ብቻውን አይሠራም፣ መደብ ያሻዋል፤
የመደቡን ነገር ግን ማን ልብ ይለዋል?

ሙሄና እኔ ሁለት መደብ አዘጋጀን፤
አንዱን እንደ መስታወት አለሰለስን፣
ሌላውን (እውነቱን ልናገር) አበላሸን።
ምድጃው ከልኩ አልፎ፣ ሃይድሮጂኑ በዝቶ፣
ኦክስጅን ከገጹ እዚህም እዚያም ወጥቶ፣
ጥርሱ እንደ ረገፈ ድድ ተቦርቡሮ ቀረ።
«ይጣል» አልሁ። ሙሄ ግን፣ «ይቆይ፣ ምን ቸገረ?»

በሁለቱም ላይ ቅንጣቱን እኩል ዘርተን፣
በስድስት መቶ ዲግሪ አነደድነው፣ ነቅተን።
ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶ ሁለት ጊዜ መጣ፤
ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ ፎቶው በወሩ ወጣ።

በለስላሳው ሜዳ ማንም አልያዛቸው፤
ሙቀቱ ሲገፋ ዳኹ በደረታቸው፣
ተቃቅፈው ወፈሩ፣ ድቡልቡል ሆኑና
ሥራ ፈታ ሆዳቸው፤ የሚሠራው ፊት ነውና።

በተበላሸው ላይ ግን፣ ከወንበሬ ተነሣሁ፣
ከየጉድለቱ አፍ፣ ኦክስጅን ከሄደበት፣
አንዳንድ ቅንጣት ቁጭ ብሏል እግሩን ነክሮበት፤
ጠፍጠፍ ብሎ፣ ነቅቶ። ጭሱን ብንሰጠው
ገና ምድጃው ሳይግል ማጥራት ጀመረው።
ሙሄ አልገረመውም። «የጦሳ ልጅ አይደለሁ?
ገደል ላይ የተሠራ ቤት መች ሲሄድ አያለሁ!»

ሦስተኛውን መደብ፣ እኔው ሆዴ ጓጉቶ፣
አብዝቼ ቦረቦርሁት፤ ቅንጣቱ ጠልቆ ገብቶ
እዚያው ተቀበረ።
ጭሱ እንደ ገባ ወጣ። ሙሄም ዝም አለ።

ማታ ሽቅብ ስመለስ ደሴ መብራት በመብራት፣
እያንዳንዱ ቤት ዳገቱን ነክሶ፣
አንዱ ባንዱ ጣራ ላይ እግሩን አንፈራጦ።
የአከራዬ የእትዬ ዘምዘም ደረጃ
ሦስተኛው ድንጋይ የለውም፤
አራት ዓመት ሙሉ ረግሜዋለሁ።
ዛሬ እግሬን እጎደሎው ውስጥ አስገብቼ
ትንሽ ቆምሁ።
ከታች፣ ከሐረጎ፣ አንድ አይሱዙ ያቃስታል።
አሳለኝ።
ስንት ቢጎድል ይበቃል?
ለነገ፣ ብዬ፣ መዳፌ ላይ ጻፍሁት።