አራት ጠርሙስ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ክፍሉ ባዶ ሳለ፣
አራት ቀንበጥ ብቻ ከዘይቱን ጎደለ።
አራት የአምቦ ጠርሙስ አጥበን ደረደርን፤
ውሃው እንዳይሸሸን ዘይት ጠብ አደረግን፣
ስስ የምግብ ዘይት፣ ከክበብ የመጣ፣
በቅጠል ካልሆነ በሌላ እንዳይወጣ።

አንደኛው ሙሉ ነው፣ ቅጠሉ ያልተነካ፤
ሁለተኛው ግማሽ፣ ተቆጥሮ ተለካ፤
የሦስተኛው ቅጠል ጀርባው ቫዝሊን ጠጣ፣
ከቲቸር ዳንጊሴ ቦርሳ ውስጥ የወጣ።
አራተኛው ራቁት። እኔ ነኝ የላጨሁት።
አስራ ዘጠኝ ቅጠል። እየቆጠርኩ ጣልኩት።
ላታሞ ሳቀብኝ፦ «ያንቺው አሸነፈ፤
አፍ የሌለው ነገር ከጥም ተረፈ!»

እሑድ ከአባቴ ጋር አሞራ ገደል ወረድኩ፤
መረቡን ሲያራግፍ እኔ ሌላ አሰብኩ።
«አባዬ፣ ጥቁር ውሃ ቀን ከሌት ይገባል፤
ሐይቁ መውጫ የለው፤ ታዲያ የት ይሄዳል?»
ቆሮሶ እየለየ፣ ቀና ሳይል፣ በቁጣ፦
«ካልሞላ ምን ቸገረሽ? መሄጃ አያጣ!»
አባ ኮዳ ብቻ፣ አንገቱን ቀብሮ፣
እንደ ፈተና ጠባቂ አየኝ አተኩሮ።

ሰኞ ጠዋት፣ ገና ደወሉ ሳይመታ፣
ተጋፋን ከመስኮቱ፣ ከጠርሙሶቹ ቦታ።
ሙሉው አራት ጣት ያህል ከፕላስተሩ ወርዷል፤
ግማሹ ሁለት ጣት፣ የድርሻውን ስቧል፤
ቫዝሊን የቀባነው፣ ትንፋሹ ታፍኖ፣
ጎደለ አይባልም፣ የፀጉር ስፋት ሆኖ።
የእኔው፣ የላጨሁት፣ ምልክቱን አልለቀቀም፤
ሁለት ቀን ሙሉ ቆሞ አልጠጣም፣ አልሰጠም።

ቲቸር ቾኩን ይዛ፦ «ሥር እንኳ የላቸውም፤
ታዲያ ማን ገፋው?» አለች። ማናችንም አልመለስንም።
«ጫፍ ላይ፣ ከቅጠሉ፣ አንዷ ጠብታ ስትተን
የኋላዋን ትስባለች፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን
በክረምት ጎርፍ እንደምንሻገር።»
ዝም አልን። ውጭ ነፋሱ ቅጠሉን ሲያናግር
ሐይቁ በመስኮቱ ጭጋግ ለብሶ ይታያል፣
ማንም ሳይገፋው፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል።

ማታ ለአባቴ ልነግረው አፌን ስከፍት
«መረቡን ያዢ» አለኝ። ያዝኩለት።

አስራ ዘጠኙ ቅጠል መስኮቱ ላይ ደርቋል፣
እንደ ጆሮ ታጥፎ። ላታሞ መጥረጊያ ይዟል።
የአራተኛውን ውሃ፣ ጠብታ ያልጎደለው፣
ዘይቱኑ ሥር ደፋሁት። አፈሩ ወዲያው ዋጠው።
ቀና አልኩ፤ ቅጠሉን አየሁ።
መውጫ አለው።