አሥራ አንደኛው ጥያቄ

ካዛንቺስ፣ ስድስት ፎቅ፣ ሊፍቱ አይሠራም ገና፤
«ነፃ ምክር» ሲሉን በእግር ወጣንና፣
ውሃ ቀረበልን፣ ብዕርና ወረቀት፣
«ከመግዛትዎ በፊት» — አሥር ጥያቄ ያለበት።

መካሪው አቶ ልሳኑ፣ ድምፃቸው የነፍስ አባት፤
«እኔ ሻጭ አይደለሁም» አሉ በትሕትና፣
ክራቫታቸው ላይ የድርጅቱ ክሬን
ቆማ ታዳምጣለችና።

ስለ ውሃው ታንከር፣ ስለ ሊዙ ዘመን፣
ስለ ካርታው ማኅተም አብራርተው ነገሩን።
እውነት ነው፣ ይጠቅማል፤ ሐሰት አላገኘሁ —
እሱ ነው የጨነቀኝ፤ ምኑን እይዛለሁ?

ትርሲት ጎሸም አርጋኝ፦ «ደሞዛቸውስ ከየት?»
አሥሩን ደግሜ ቆጠርኩ፤
«ባልገዛስ?» የሚል የለበት።

ስንወርድ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣
ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ከግርጌው ጻፍኩት፤
ብዕራቸው «ባልገ» ላይ ነጠፈ፣
በጥፍሬ ጨረስኩት።